ወይዘሪት እሺ

አማቴ በልጄ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ሲቆጥሩ የሰማኋቸው ሸሚዜን እየቆለፍኩ በበሩ ክፍተት ነው። «አሥራ ሰባት… አሥራ ስምንት…» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በአንዱ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ረዘም ያለ ዝምታ አለ። ጠዋት ጠዋት የሕፃን ጨርቅ ማጣጠፍ ልማዳቸው ስለሆነ እሱን የሚቆጥሩ መሰለኝ። «ሃያ አንድ… ሃያ ሁለት።» ከዚያ ልጄ አለቀሰች። አነሷት፣ ትከሻቸው ላይ አስደገፏትና በነፃ እጃቸው ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ የተገነጠለ ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረጉ። በሩን ገፋ አድርጌ፣ «እማማ፣ ምንድን ነው የሚቆጥሩት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጅዎን» አሉኝ።

ያለችን አንድ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ስድስት ወሯ ነበር። «ታዲያ ሃያ አንዶቹን ከየት አመጧቸው?» አልኩና በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ቤታችን ከገቡ ጀምሮ በአንድም ቀልዴ ስቀው አያውቁም። እኔ ደግሞ በቀልዴ የማይስቅን ሰው በሽተኛ አድርጌ የምመለከት ሰው ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እንዳሉኝ ነበር። ምራቅ የዋጠ ሰው ቢሆን ይህን አክብሮት ነው ይል ነበር፤ እኔ ግን ኩርፊያ ነው ብዬ ነበር የምተረጉመው። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር መስመር በምንም ሳሙና አይለቅም። አማቴ ለሴት ልጃቸው አንድ የባንክ ሠራተኛ አስበውላት እንደነበር በሠርጋችን ሰሞን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ማንኪያ እንኳ ቢወድቅ የባንክ ሠራተኛው ባለመሆኔ የወደቀ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ጠዋት ሦስት ሳምንት በፊት ነው። መጀመሪያ ያየሁትም እኔ ነኝ፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ ስናገር የነበርኩት እንደ ትልቅ ግኝት ነው። ልጄ ከእንቅልፏ ስትነቃ ራሷን ወደ ደረቷ ጣል ታደርጋለች፣ ቀና ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጣል ታደርጋለች። ልክ «አዎ፣ እሺ» እንደሚል ሰው። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ «አባትሽ ጎበዝ ነው አይደል?» ስላት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያች ቀን በኋላ ስሟ «ወይዘሪት እሺ» ሆነ። በስልኬ ቀረጽኳትና ለዘመድ ሁሉ ላክሁ፤ ጋራዥ ውስጥ ያላየው ሰው የለም፤ ባትሪ ሊያስሞላ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳያይ አይሄድም። በቤታችንም የመጨረሻዋ ዳኛ እሷ ሆነች። እኔና ባለቤቴ በመጋረጃ ቀለም ተጨቃጭቀን፣ እኔ ልጅቷ እስክትነቃ ጠብቄ፣ «አረንጓዴው አይሻልም የኔ እናት?» አልኳት። አጸደቀችልኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ተማሪ ሲያጭበረብር ታውቃለች፤ «በእንቅልፍ ልቧ ያስፈረምከው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። አረንጓዴው መጋረጃ ግን ተሰቀለ።

ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር አማቴ ሰሃናቸውን አንስተው ወደ ማድቤት ይሄዱ ነበር። ምቀኝነት ነው አልኩ። ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ «ሐኪም ቢያያትስ?» ብለዋል። በመጀመሪያው ጊዜ ወደ መድኃኒት ቤት ሄጄ ለፋርማሲስቱ ልጄ ስትነቃ ትንፈራገጣለች አልኩት፤ የሆድ ነፋስ ነው ብሎ ጠብታ ሰጠኝ፤ ጠብታውን ጠረጴዛ ላይ በእሳቸው በኩል ዘወር አድርጌ አስቀመጥኩት፣ እንዲያነቡት። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅሁ። በሁለተኛው ጊዜ እራት ላይ ነበርን። «እማማ፣ በእናንተ ጊዜ ሕፃን ሲያስነጥሰውም ሐኪም ይጠራ ነበር መሰለኝ። አሁን ዘመኑ ሌላ ነው» አልኳቸው። ባለቤቴ ሰሃኗ ላይ አቀረቀረች። አማቴም «ልክ ነው» ብለው ተነሱ፤ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ውሃው ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም። መቁጠር የጀመሩት ግን ከዚያም በፊት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አማቴ ልጅቷን ይዘው ወደ ሳሎን ሲወጡ የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የልጅቷን ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው አየሁ።

«ዛሬ ሆስፒታል እወስዳታለሁ» አሉ። «ወረቀቱን የሚሞላልኝ ሰው ነው የቸገረኝ። እኔ ቁጥር እንጂ ፊደል ብዙ አልገፋሁም። እሱን ብቻ ይሙሉልኝና ወደ ሥራዎ ይሂዱ።»

ልጅቷ የእኔ ሆና ሳለ የጎረቤት ሰው እንደሚለምኑ ሆነው መናገራቸው አናደደኝ። ለጋራዡ አለቃ ደውዬ ከምሳ በፊት እደርሳለሁ አልኩት። እውነቱን ልናገር፤ የሄድኩት ልጄን ለማስመርመር አይደለም፤ የሄድኩት ለመርታት ነው። ሐኪሙ «ምንም የላትም» ሲል የአማቴን ፊት ማየት አምሮኝ ነበር። በታክሲው ውስጥ ሳለሁ ድሌን እንዴት በትሕትና እንደምቀበለው እንኳ አስቤበታለሁ፤ «አይዞዎት እማማ፣ ከፍቅር የመጣ ነው» ልላቸው ነበር።

የሕፃናት ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ እስከ ትከሻ ድረስ በሰማያዊ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከላይ ማን እንደሣለው የማይታወቅ ቀጭኔ አለ፤ አንገቱ የኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ ደርሶ ይቋረጥና ከሶኬቱ በላይ ይቀጥላል። ሶኬቱ ደግሞ ተጣሞ የተገጠመ ነው። ዓይኔ እሱ ላይ እያረፈ አላስቀምጥ አለኝ። ወረቀቱን ሞላሁ፤ የወላጅ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ሠላሳ አራተኛ ነበርን። አማቴ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን በጭናቸው ላይ አስተኝተው ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ ቆዩ። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም። አጠገቤ ለተቀመጠች፣ ልጇ እግሩን ለተሰበረባት እናት ቪዲዮውን አሳየኋት። «ውይ፣ ስታምር!» ብላ ሳቀች። ወደ አማቴ ዞር ብዬ አየሁ፤ እንደሰሙ እርግጠኛ ለመሆን።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ደንበኛዬ ነው፤ መኪናው ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይንዘፈዘፋል፣ ጋራዥ ሲያደርሰው ግን ደህና ይሆናል። ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ። «ወንድሜ፣ እኔ ዕቃ ነው የምጠግነው፣ ወሬ አልጠግንም። ሲንዘፈዘፍ አምጣው» አልኩትና ዘጋሁበት። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ፈገግ አሉ። አማቴ የልጅቷን ካልሲ አስተካከሉ።

ተራችን የደረሰው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሐኪሟ አጭር፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ የጠቀለለች ሴት ናት። ልጄን አገላብጣ አየቻት፤ የራሷን ዙሪያ ለካች፣ አስተኛቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ቀይ ኳስ ከፊቷ ወዲህና ወዲያ አመላለሰች። ልጄ ኳሱን አልተከተለችም፤ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ራሷንም አልነቀነቀችም። አንድም ጊዜ። እኔም ደስ እያለኝ፣ ነገሩ ቀልድ እንደሆነ፣ የልጅቷ አያት ግን ትንሽ እንደሚጨነቁ፣ ዕድሜያቸውም እንደገፋ ለሐኪሟ ወንድማዊ በሆነ ድምፅ አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

መቼ ነው የምታደርገው አለችኝ። ስትነቃ ነው አልኩ። በአንድ ጊዜ ስንቴ? ብዙ ጊዜ፣ አልኩ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሰከንድ ይሆናል? እንጃ። እጆቿስ በዚያን ጊዜ ምን ይሆናሉ? እጆቿን አላየሁም። ስታበቃ ታለቅሳለች? አንዳንዴ። ደንበኞቼን የማፋጥጥበት ጥያቄ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር፤ እኔም እንደ እነሱ ወለል ወለሉን አያለሁ። ከዚያ፣ «መጨረሻ የሳቀችው መቼ ነው?» አለችኝ።

  ያን ሁሉ ሳምንት ቤታችን በሳቅ ሲንጫጫ፣ የማይስቁት ሁለት ሰዎች እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንደኛዋ አያት፣ አንደኛዋ ልጅቷ ራሷ። በአራት ወሯ ስታየኝ በድዷ ትስቅ ነበር። መቼ እንዳቆመች አላውቅም።

«የተቀረጸ ነገር አላችሁ?» አለች ሐኪሟ። አለን። ዓለም በሙሉ ያየው ነገር እንዴት አይኖረንም። ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋት። ያች ጠባብ ክፍል በእኔ ድምፅ ተሞላች። «እስቲ ንገሪያቸው የኔ ቆንጆ፤ የከተማው አንደኛ ኤሌክትሪሺያን ማነው? አባትሽ ነው? አያችሁ! እሺ አለች! ድገሚው!» አጨበጭባለሁ፤ አስካካለሁ። ያን ሳቅ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሰው እንዲህ አስቀያሚ ሳቅ ሊኖረው እንደሚችል ግን አላወቅሁም ነበር። ሐኪሟ ምንም ሳትል በአውራ ጣቷ ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ፈጽሞ ዝም አደረገችው። እጇ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ደግማ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ፣ «ራሷን አይዩ። እጆቿን ይዩ» አለችኝ።

አየሁ። ራሷ በወደቀ ቁጥር ሁለት እጆቿ አንድ ላይ ወደ ጎን ብርግድ ብለው ይከፈታሉ፣ ትደርቃለች፣ ዓይኗ ወደ ላይ ይሸሻል። ከዚያ ይለቃታል። ጥቂት ሰከንድ ትቆይና እንደገና። በመካከሉ ወደ ካሜራው ታያለች፣ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግላት እንደሚጠብቅ። ሰውየው እያጨበጨበ ነው። መጨረሻው ላይ አለቀሰች፤ ድምፁ ባይሰማም የምላትን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «አይዞሽ፣ እሺ ማለት ሲበዛ ያደክማል» ነው የምላት።

አማቴ ከቦርሳው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈውን የቀን መቁጠሪያ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቀኑ በቁጥር፣ ከአጠገቡ የሙሉና የግማሽ ፀሐይ ሥዕል፣ ማለት የጠዋትና የከሰዓት መንቂያ፣ ከዚያ አምስት አምስት ሆነው የታሰሩ ጭረቶች። የመጀመሪያው ቀን አራት። ከዚያ ሰባት፣ አሥራ አንድ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሃያ ሁለት። ሐኪሟ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለችና ይህን ማን እንደሠራው ጠየቀች። አማቴ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የተበጠሰ ክር ቆጣሪ እንደነበሩ፣ ቁጥር ከሆነ እንደማይሳሳቱ ነገሯት። «እዚህ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ እንደዚህ ይዞልኝ ቢመጣ» አለች ሐኪሟ። ወረቀቱን ከማኅደሩ ጋር አያያዘችው፤ የእኔን ስልክ መለሰችልኝ።

በመጨረሻ፣ በቤተሰብ ውስጥ የሚጥል በሽታ ወይም በሕፃንነቱ እንዲህ ያደረገ ልጅ ካለ ጠየቀች።

«የለም» አልኩ፣ ለሁለቱም ወገን ፈጥኜ። በእሳቸውም ወገን ጭምር።

«አለ» አሉ አማቴ።

ወደ እኔ አላዩም፤ የተናገሩት ለሐኪሟ ነው። ከባለቤቴ በፊት ሌላ ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ሰባት ወሯ ላይ ስትነቃ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። ባላቸው፣ «ልጄ እጅ ትነሳለች» እያለ ጎረቤት ይጠራ ነበር። ሰው ተሰብስቦ፣ «ጨዋ ናት፣ ያሳደጋት ይባረክ» እያለ ይስቃል። «ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ፋብሪካ ገብቼ ለጓደኞቼ አስመስዬ አሳያቸው ነበር።» ዓመት ሲሞላት አንገቷን መሸከም አቃታት። ስድስት ዓመት ኖረች፤ ስሟን ሲጠሯት ዞር ሳትል አረፈች። ባለቤቴ እህት እንደነበረቻት ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን በአራስነቷ በትኩሳት እንደሞተች ነው። ይህን ሁሉ የተናገሩት የልጅቷን ቦርሳ ማንገቻ እያጣመሙና እየፈቱ ነው፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። ሐኪሟ የሁለቱ ነገር የግድ አንድ ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ማንም በማንም ላይ ጥፋት እንዳላመጣ ነግራቸው በጥንቃቄ ጻፈችው።

ከዚያ ወደ ሁለታችን ዞራ፣ ይህ ራስ መነቅነቅ እንዳልሆነ፣ ሕፃናትን ሲነቁ በተከታታይ የሚይዝ የሚጥል በሽታ ዓይነት እንደሚመስላት ነገረችን። ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሕፃናት ብዙ አሉ፤ አንዳንዱ ዓይኑ ሲርገበገብበት አጥርቶ ለማየት ነው፣ አንዳንዱ ሆዱ ሲያቃጥለው፣ አንዳንዱ ለመተኛት ሲል፤ ብዙው ክፉ አይደለም፣ ሁሉም ግን መታየት አለበት። ይኼኛው ግን ነገ የማይባል ነው፤ ዛሬውኑ የአንጎሏ ኤሌክትሪክ መነሳት አለበት። ኤሌክትሪክ ስትል እንደ ጅል ቀና አልኩ፣ ሙያዬ የተጠራ መስሎኝ።

ወደ ምርመራው ክፍል ቤተሰብ አይገባም ተብሎ፣ ባለሙያዋ በልጄ ራስ ላይ በማጣበቂያ ቀጫጭን ሽቦዎች እየለጠፈች ሳለ እኔና አማቴ ውጭ ቀረን። መተኛት፣ ከዚያም መንቃት ነበረባት። ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም። አማቴ አንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ በመካከላችን አምስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ። ጋራዥ ደወለ፤ አላነሳሁም። አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ይቅርታ የሚባለውን ቃል ሳልቀልድበት ተናግሬው ስለማላውቅ ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።  

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ።

«ና» ነው ያሉኝ። ተነስቼ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነገር ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ከሁሉ የባሰ ነው። «እማማ፣ ታዲያ ለምን ጠንከር አድርገው አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ጥፋቴን እንኳ ለእሳቸው ማካፈል ፈለግሁ።

አልተቆጡም። «ነግሬህ ነበር፣ ሁለት ጊዜ» አሉ። «ሦስተኛ ብናገር ከዚያ ቤት የምወጣ መሰለኝ። ስወጣ ደግሞ ማን ይቆጥራታል?»

 ቤታችን ውስጥ የእሳቸው ክፍል ከውሃ ጋኑ አጠገብ ያለችው ናት፤ አልጋና አንድ ሻንጣ ትይዛለች፤ ሻንጣው አራት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ አልጋው ሥር የተቀመጠው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዕቃ ስለሌላቸው ነው ብዬ ነበር። የበሩን መቆለፊያም ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልጠግነው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የሰው መኪና ከሩቅ ከተማ እየመጣልኝ ስጠግን።  ከምርመራው ክፍል በር ኋላ የልጄ ለቅሶ ተሰማ፤ ነቅታለች ማለት ነው። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ውጤቱን ሐኪሟ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አሳየችን። ለእኔ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የሞገድ ሥዕል ሳይ ኖሬአለሁ፤ ጤነኛ ነገር ምንም ቢሆን የራሱ ምት አለው። ይህ ግን ምት አልነበረውም። መስመሮቹ እየተረጋገጡ፣ አንዱ ሌላው ላይ እየወጣ፣ ገደል እየሠሩ ይሄዳሉ። መኪና ቢሆን ኖሮ ባትሪውን ንቀሉት እል ነበር። «ይስተካከላል?» ብለው የጠየቁት አማቴ ናቸው። ሐኪሟ ቃል አልገባችም። ብዙዎቹ በመድኃኒት እንደሚቆምላቸው፣ ዋናው ነገር በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደተደረሰበት እንደሆነ፣ ሦስት ሳምንት ከሦስት ወር በጣም እንደሚሻል፣ እድገቷ ግን ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችልና ለዓመታት ክትትል እንደሚያስፈልግ ነገረችን። መድኃኒቱ ፊቷን ያሳብጣታል፣ ያስርባታል፣ ያነጫንጫታል፤ አትደንግጡ አለች።

እንዳለችውም ሆነ። ፊቷ እንደ ዱባ ክብ ሆነ፤ ቀንና ሌሊት ስትነጫነጭ ሰነበተች። በዘጠነኛው ቀን ያ መነቅነቅ ቆመላት። ከእኩዮቿ ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ዳኸች፤ ሁለት ዓመቷን ስትይዝ ግድግዳ ተደግፋ መሄድ ጀመረች፤ አሁንም ንግግር ታስተምራታለች የተባለች ባለሙያ ዘንድ በሳምንት ሁለት ቀን እየወሰድኳት ነው። ይህን እዚህ ላይ የምናገረው የዚያን ዕለት ምንም ስላላወቅን ነው። የዚያን ዕለት የምናውቀው አልጋ እንደተሰጠን ብቻ ነበር፤ ስድስት አልጋ ካለው ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የአልጋው አንድ ጎማ የማይቆለፍ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሥልጠናዋ አብቅቶ የምትደውልበት ጊዜ ደረሰ። ስልኬ ሲጮህ ስሟን አየሁና ለአማቴ ዘረጋሁላቸው። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ተቀበሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ልጅቷ ሆስፒታል እንደተኛች፣ መድኃኒት እንደሚጀመርላት ቀስ ብለው ነገሯት። ከዚያ ስለ እህቷ ነገሯት። በሐኪሟ ፊት ያልተንቀጠቀጠው ድምፃቸው እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ባለቤቴ የምትለው አይሰማኝም፤ አማቴ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ካዳመጡ በኋላ፣ «የለም ልጄ፣ ባልሽ ነው ያወቀው። ጠዋት አይቷት ደነገጠና ሥራውን ትቶ ይዞን መጣ። እግዜር ይስጠው» አሏት።

እንደማልሰማ መስሏቸው አይደለም፤ ሆን ብለው ከፍ አድርገው ነው ያሉት። ስጦታ ነበር። የሰውን ነውር በነጠላ እንደመሸፈን ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። እንዲያውም ነገሩ እንደዚያ የነበረ መሰለኝ፤ ጠዋት እንዴት እንደደነገጥኩ፣ መሣሪያዬን እንዴት ጥዬ እንደሮጥኩ በዓይነ ሕሊናዬ መጣልኝ፤ ለጋራዥ ሰዎች እንዴት እንደማወራውም ጀምሬ ነበር። ከዚያ ልጄን አየኋት። ማጣበቂያው ፀጉሯ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

«ስልኩን ይስጡኝ እማማ» አልኳቸው። ራሳቸውን በእምቢታ ወዘወዙ። እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። ሰጡኝ።

«እናትሽ ዋሽተውሻል» አልኳት ለባለቤቴ። በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ቆጠራውን፣ ወረቀቱን፣ ለመርታት መምጣቴን፣ የሐኪሟ አውራ ጣት ድምፄን እንዴት እንደዘጋው፣ እራት ላይ የተናገርኩትን፣ እሷም የሰማችውን። አንድ ጊዜ እንኳ አልቀለድኩም፤ ስጨርስ መንጋጋዬን አመመኝ። በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተትና ሰዎች ሲወጡ ይሰማኛል። 

«እኔም አብሬህ ስቄ ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። «ሰሃኔ ላይ ያቀረቀርኩትም ሳቄን ለመደበቅ ነበር።» ከዚያ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝና፣ «እናቴን መልሰህ ስጠኝ» አለች።

ሰጠኋቸው። አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ማዳመጥ ጀመሩ፤ እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። በዚህ መካከል ነርሷ ትንሽ ጠርሙስና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይዛ መጣች። መድኃኒቱ ቤትም የሚቀጥል ስለሆነ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አሰጣጡን መማር አለበት፣ አያት ይማሩ ወይስ እናት እስክትመጣ እንጠብቅ አለች። እኔን አላየችኝም። አባት በዚያ ክፍል ውስጥ የሚታየው ወረቀት ሲሞላ ነው።

«እኔ» አልኩ።

እጄን አየች፤ ጥፍሬን። ሄጄ ታጥቤ እንድመጣ ነገረችኝ። ኮሪደሩ መጨረሻ ካለው ቧንቧ ሥር ሁለት ጊዜ ታጥቤ ተመለስኩ። ልጄን በግራ ክንዴ አቀፍኳት፤ ሲሪንጁን እስከ መስመሩ ድረስ ሞላሁ፤ አፏ ውስጥ አስገብቼ ገፋሁት። ታነቀችና ሁሉንም ሸሚዜ ላይ ተፋችው። ነርሷ፣ «ቀስ ይበሉ። በምላሷ ላይ አይደለም፣ በጉንጯ በኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ። ስትውጥ እያዩ» አለችኝ። እንደገና ሞላሁ። በጉንጯ በኩል አስገባሁ፣ ጥቂት ገፋሁ፣ ቆምኩ፣ ጉሮሮዋን አየሁ። ጥቂት ገፋሁ፣ ቆምኩ፣ አየሁ።

ሁለተኛውን ዋጠችው።